ዶክተር ታዴዎስ ነርስ የሆነበት ሳምንት

ታዴዎስና እኔ ከአንድ ኮሌጅ፣ በአንድ ዓመት፣ በአንድ ዓይነት ዲግሪ ነው የተመረቅነው። ሁለታችንም ነርሶች ነን፤ የሙያ ፈቃዳችን ላይ የተጻፈውም ይኸው አንድ ቃል ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ ያለ የግል ክሊኒክ በአንድ ወር ውስጥ ቀጠረን። ሁለታችንም ነጭ ጋዋን ለበስን፣ ሁለታችንም አንገታችን ላይ የልብ ማዳመጫ አንጠለጠልን። ሳምንት ሳይሞላ እሱ «ዶክተር» ሆነ፣ እኔ «ሲስተር» ሆኜ ቀረሁ። ምን ፈተና አልፎ ነው እንዳትሉኝ። ረጅም ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ወንድ ነው። ሰው ለምን ሕክምና ለመማር ያን ሁሉ ዓመት እንደሚደክም ከዚያ ወዲህ ግልጽ ሆኖልኝ አያውቅም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ያርማቸው ነበር። አንድ ቀን ከገጠር የመጡ እናት ትኩሳት የያዘውን ልጃቸውን አዝለው ገቡና «ዶክተር፣ ልጄን እይልኝ» አሉት።

«ዶክተር አይደለሁም እናቴ፣ ነርስ ነኝ» አላቸው።

ሴትየዋ ከጀርባቸው ያወረዱትን ልጅ መልሰው አዘሉት። «እንግዲያው ዶክተሩ ሲመጣ እንመለሳለን» ብለው ወጡ። ሌላ ክሊኒክ እንደሄዱ ግልጽ ነው፤ እዚያም ምናልባት ዝምታን የሚያውቅ ነርስ አግኝተው ይሆናል።

ይህን ሁሉ የክሊኒኩ ባለቤት አቶ ሽብሩ ከካርድ ክፍሉ ሆነው ያዩ ነበር። አቶ ሽብሩ ወደ ጤናው ዘርፍ ከመሰማራታቸው በፊት ቆርቆሮና ምስማር ይሸጡ ነበር። ስለ ሕክምና ያላቸው እውቀትም ከዚያው ሱቅ የመጣ ነው፤ የገባ ሰው ባዶ እጁን መውጣት የለበትም። ታዴዎስን ጠሩት።

«አንተ ልጅ፣ ሰው ሲያከብርህ ለምን እምቢ ትላለህ?»

«ጋሽ ሽብሩ፣ ነርስ ነኝ እኮ።»

«እኔስ ነርስ አይደለህም አልኩ? አትንገራቸው ነው ያልኩህ። ዋሽ አላልኩህም፣ ዝም በል ነው ያልኩህ። እስቲ ፓስተርህን ጠይቀው፣ ዝም ማለት ኃጢአት ነው?»

ታዴዎስ ፓስተሩን አልጠየቀም። ዝም አለ። መጀመሪያ ዝም ሲል አንገቱን ይደፋ ነበር። ቆይቶ ቀና ብሎ ዝም ማለት ጀመረ። በስተመጨረሻ «ዶክተር» ሲሉት ከኋላው ሆነው ቢጠሩትም የሚዞር ሰው ሆነ።

ክሊኒኩ ዶክተር አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ነበረው። ዶክተር አቤሴሎም ይባላል፤ የሙያ ፈቃዱ ወርቃማ ፍሬም ውስጥ ገብቶ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ፍሬሙ ከሁላችንም ቀድሞ ሥራ ይገባል፣ ከሁላችንም ኋላ ይወጣል፣ ዓመት ፈቃድም ጠይቆ አያውቅም። ሰውየው ራሱ ሌላ ከተማ ሌላ ሆስፒታል ነው የሚሠራው፤ እኛ ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ እሱም ከተመቸው። ስሙና ፊርማው ያለበት ቲተሩ ግን ታዴዎስ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ታዴዎስ ይመረምራል፣ ታዴዎስ መድኃኒት ይጽፋል፣ ታዴዎስ የዶክተሩን ቲተር ይመታል። እኔ ደግሞ የታዘዘውን እወጋለሁ። እንዲህ ተከፋፍለን በሰላም እንኖር ነበር።

በሽታዎቹም አላስቸገሩንም። በእኛ ክሊኒክ በሽታው ሁሉ ታይፎይድ ነበር። ራሱን ያመመው ታይፎይድ፣ ወገቡን የያዘው ታይፎይድ። አንድ ጊዜ እጮኛው ጥላው የሄደች ወጣት እንቅልፍ እምቢ ብሎት መጥቶ ታይፎይድ ተገኝቶበታል። ደግሞ ይሻላቸዋል። ሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል፤ ይህን የሚያውቅ ክሊኒክ ከስሮ አያውቅም።

መምህር አክሊሉ የመጡት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ የከተማውን ግማሽ አስተምረዋል፣ ግማሹን ደግሞ ገርፈዋል ይባላል። ሆዳቸውን በእጃቸው ይዘው ጎንበስ ብለው ገቡ። ከኋላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች አሉ፤ ማዘጋጃ ቤት የሚሠሩ፣ ሲያወሩ ወረፋ የሚያሲዙ ሴት ናቸው።

«ሌሊት እምብርቱ አካባቢ ነው የጀመረው፣ አሁን ወደ ቀኝ ወርዷል። አስመልሶታል። ምግብ አላየም» አሉ ወይዘሮ አሰገደች፣ ባለቤታቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ።

ታዴዎስ አስተኝቷቸው ሆዳቸውን ነካካ። ቀኝ ጎናቸውን ከታች በኩል ቀስ ብሎ ተጫነና ድንገት ለቀቀው። መምህር አክሊሉ የአልጋውን ጠርዝ ጨመቁ፤ ድምፅ አላወጡም፣ ፊታቸው ግን ተለወጠ። ታዴዎስ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። እኔም እሱን አየሁት። ይህን ከአንድ መምህር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ነው የተማርነው።

ኮሪደር ላይ ወጣንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጵርሲ፣ ትርፍ አንጀት ነው የሚመስለኝ» አለኝ።

«ታዲያ ሪፈር ጻፍላቸውና ይሂዱ። ሆስፒታሉ እኮ በባጃጅ ቅርብ ነው።»

አቶ ሽብሩ ስለ ሕክምና ብዙም ባይሰሙ «ሪፈር» የምትለዋን ቃል ግን ከሦስት ግድግዳ ወዲያ ሆነው ይሰማሉ። መጡ።

«ማን ነው የሚሄደው?»

«መምህር አክሊሉ፣ ጋሽ ሽብሩ። ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው አይቀርም።»

«መምህር አክሊሉ በራሱ እግር እኔን ብሎ መጥቶ፣ እኔ ወደ ሌላ ልላከው? ከተማው ምን ይላል? ደግሞስ አንተ ብቻህን ምን ትወስናለህ፣ ዶክተሩ የለም እንዴ? ደውልለት።»

ታዴዎስ ደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረ ስልኩን ላውድ ላይ አደረገው። እኔ እዚያው አጠገቡ የጉሉኮስ መስቀያ እየገፋሁ ነበር። ከወዲያኛው ጫፍ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፤ ዶክተር አቤሴሎም እየነዳ ነው።

«ሆድ? ላብራቶሪው ምን ይላል?»

«ታይፎይድ ፖዘቲቭ ይላል። ግን ዶክተር፣ ቀኝ ጎናቸው ከታች በኩል ሲነካ...»

«ፖዘቲቭ ካለ ምን ትጨቀጭቀኛለህ? ሴፍትሪአክሶን ጀምርለት፣ ጉሉኮስ አድርግለት። ቅዳሜ አየዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ታዴዎስ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ነርስ ቢሆን ኖሮ «የእኔ ሥራ አይደለም፣ ይሂዱ» ብሎ መላክ ይችል ነበር። ችግሩ ዶክተር ሆኗል። ዶክተር ደግሞ የማያውቀው ነገር ሲመጣበት እንዲህ በቀላሉ አላውቅም አይልም፤ የሚያውቀው ነገር ሲመጣበት ደግሞ፣ እንዳየነው፣ በስልክ ይጠይቃል።

ወደ ክፍሉ ገባ። «ታይፎይድ ነው መምህር። ትንሽ ጠንከር ያለ ነው እንጂ ሌላ የሚያሰጋ የለም።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ዶክተር» አሉ መምህር አክሊሉ።

እኔ የደም ሥራቸውን ፈልጌ ወጋሁ።

ያን ቀን እዚያው ተኙ። በማግስቱ ትኩሳቱ ባሰ፣ ማስመለሱም አልቆመም። ታዴዎስ በየሰዓቱ ይገባል፣ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ዶክተር አቤሴሎም ጋ ደወለ፤ አላነሳም። ሐሙስ ጠዋት ግን መምህር አክሊሉ ሲነቁ ፊታቸው ፈታ ብሎ ነበር። «አሁንስ ለቀቀኝ» አሉ። «ሕመሙ ድንገት ጥርግ አለ።»

አቶ ሽብሩ እጃቸውን አጨበጨቡ። «አየህ? አየህ? አስቆራርጠህ ልትጥለው ነበር!»

ታዴዎስ ግን ነጭ ሆነ። የጋዋኑን ያህል ነው የምላችሁ። ትርፍ አንጀት ሕመሙ ድንገት ጥርግ ሲል መፈንዳቱ ሊሆን እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን። ሆዳቸውን ነካው። እንጨት ሆኗል።

«ጋሽ ሽብሩ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው።»

«ዛሬ ተሽሎት ሳለ?»

ይህን እያሉ ነው ወይዘሮ አሰገደች ቁርስ በሳህን ይዘው የገቡት። ባለቤታቸውን አዩ፤ የከንፈራቸውን መድረቅ፣ የአተነፋፈሳቸውን ማጠር። እጃቸውን ባለቤታቸው ሆድ ላይ አደረጉና ወዲያው አነሱት።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ታይፎይዱ ትንሽ...» ብለው ጀመሩ አቶ ሽብሩ።

«ታይፎይድ ሆድን ድንጋይ ያደርጋል እንዴ? እናንተ ምን እያደረጋችሁት ነው? ይኼን ጉሉኮሳችሁን ንቀሉልኝ!»

እኔ ነቀልኩት። ታዴዎስ ሰውየውን ራሱ አቅፎ አወረዳቸው፣ ራሱ ባጃጅ አስቁሞ፣ አብሯቸው ተጭኖ ሄደ። አቶ ሽብሩ ከበሩ ላይ «ሂሳብ!» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ሲዘጉት አይቻለሁ፤ በዚያን ቀን ካደረጉት ሁሉ ያደነቅኩት ይህንን ነው።

ሆስፒታል በር ላይ የሆነውን በኋላ የነገሩኝ ወይዘሮ አሰገደች ናቸው። ተረኛው ሐኪም ሆዳቸውን እንዳየ ቀና ብሎ «እስካሁን ማነው ሲያክማቸው የነበረው?» አለ።

«እኔ» አለ ታዴዎስ።

«ሐኪም ነህ?»

ዝም ማለት ከጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ነርስ ነኝ» አለ ታዴዎስ።

ወይዘሮ አሰገደች ዘወር ብለው አዩት። «እኔ ዶክተር ስልህ የነበረውስ?» አሉት። መልሱን ሳይጠብቁ አልጋውን ተከትለው ገቡ።

መምህር አክሊሉ የዚያኑ ዕለት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሆዳቸው በመግል ተሞልቶ ነበር። ተረፉ። ቁስሉ ግን ስለመረቀዘ ሳይሰፋ ክፍት ቀረ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ እያለ እንዲሞላ።

በማግስቱ ሥራ ስገባ ፍሬሙ ግድግዳው ላይ አልነበረም። የነበረበት ቦታ ላይ ከሌላው ግድግዳ ነጣ ያለ አራት ማዕዘንና አንድ ምስማር ብቻ ቀርቷል። የዶክተር አቤሴሎም ስልክ ጥሪ አይቀበልም። ቲተሩም ከመሳቢያው ጠፍቷል። አቶ ሽብሩ ሁላችንን ሰበሰቡ፤ ሁላችንም ማለት እኔ፣ የላብራቶሪው ልጅ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ዘበኛው።

«ይኼ ነርስ» አሉ፣ «ከሙያ ወሰኑ ውጭ ሄዶ የክሊኒካችንን ስም አጥፍቷል። እኔ ሳላውቅ!»

ደነገጥን። የደነገጥነው በውሸቱ አይደለም፤ «የሙያ ወሰን» የሚለውን ቃል እንደሚያውቁት አናውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ይዘውት ኖረው ለእንዲህ ያለው ቀን ነበር ያስቀመጡት።

እነሆ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ታዴዎስ ከዶክተርነት ወደ ነርስነት ወረደ። ዘበኛው «ያ ነርስ» አለው። ፋርማሲው «ነርሱ» አለው። አብረውት ማኪያቶ የሚጠጡት «እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ወይዘሮ አሰገደች ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቤቱታ አስገቡ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ የሙያ ፈቃዱ ታገደ። ያኔ ነርስነቱም ቀረ።

አቶ ሽብሩ እኔን ቢሯቸው ጠሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ፤ ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት።

«ጵርስቅላ፣ አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ። ከዛሬ ጀምሮ የነርሶች ኃላፊ አድርጌሻለሁ።»

«የየትኞቹ ነርሶች? እኔ ብቻ ነኝ እኮ የቀረሁት።»

«እንግዲህ ያለው ላይ ነው የሚጀመረው» አሉ። «ኮሚቴው ይጠራሻል። እኔ ዋሺ አልልሽም። ስልክ ሲደወል አልሰማሁም በይ፣ በቃ።»

«ስልኩ ላውድ ላይ ነበር፣ ጋሽ ሽብሩ።»

«ላውድ ላይ ቢሆንም። ሰው ሥራ ላይ ካተኮረ አይሰማም። አንቺ ደግሞ ሥራ ወዳድ ነሽ።»

ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። ኃላፊነቱን አልተቀበልኩም አላልኩም፤ በዚያ ቤት ዝም ማለት እንደሚቻል ተምሬያለሁ።

መምህር አክሊሉ ቤታቸው ከገቡ በኋላ የታዴዎስ አባት ከመንደራቸው ከሀቢቾ ሽማግሌ ይዘው መጡ። አርሶ አደር ናቸው። ታዴዎስ «አብረሽን ነይ» ብሎ ስለለመነኝ እኔም ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ እስከ በሩ ድረስ በሀዲይኛ ሲመካከሩ መጡ። መምህር አክሊሉ ሶፋ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ልብሱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ወይዘሮ አሰገደች ተቀመጡ አሉን እንጂ እንኳን ደህና መጣችሁ አላሉንም።

አባትየው ቆመው ተናገሩ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው።

«ልጄ አጥፍቷል። እኔም አጥፍቻለሁ። ልጄ ዶክተር ሆኗል እያልኩ መንደር ውስጥ ሳወራ ነበር። ነርስ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ሰው ይጎዳል ብዬ አላሰብኩም። ይቅር በሉን።»

መምህር አክሊሉ ለእሳቸው «እርስዎ ይቀመጡ አባቴ» አሉ። ከዚያ ወደ ታዴዎስ ዞሩ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ያን ቀን ጠዋት ሆዴን ተጭነህ ስትለቀው ምን መሰለህ?»

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ «ልጁ ምን ያውቃል ብለን...» ሊሉ ነው።

«ትርፍ አንጀት መሰለኝ» አለ ታዴዎስ።



«ታዲያ ለምን ታይፎይድ አልከኝ?»

«ዶክተሩ በስልክ እንዲህ ስላለኝ... የክሊኒኩ ባለቤትም...»

«ዶክተሩ የት ነበር?»

«መንገድ ላይ።»

«አጠገቤ የነበረው ማነው?»

«እኔ ነኝ መምህር።»

መምህር አክሊሉ ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። «አለማወቅህን ይቅር ልልህ ተዘጋጅቼ ነበር የጠበቅኩህ። ተማሪ አያውቅም፣ ይሳሳታል፤ ሥራዬ እሱን ማረም ነው። አውቀህ መተውህን ግን እንዴት እንደማደርገው አላወቅኩም። ጊዜ ስጠኝ።»

ታዴዎስ አለቀሰ። አባቱ አላዩትም፤ ሊያዩት አልፈለጉም።

ቁስሉ የሚታሸግበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ወይዘሮ አሰገደች «ሲስተር፣ አንቺ ታደርጊልኛለሽ?» አሉኝ። እጄን ታጠብኩ። ታዴዎስ ልማድ ሆኖበት ሳህኑን ሊይዝልኝ ብድግ አለ።

«አንተ ተቀመጥ» አሉት ወይዘሮ አሰገደች።

ተቀመጠ። እኔ ፋሻውን ስፈታ፣ ስጠርግ፣ ሳሽግ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ያየኝ ነበር። ሠልጥኖ የሚችለውን፣ እስኪታገድ ድረስ በሕግ ሙሉ በሙሉ የተፈቀደለትን፣ ያለ ማንም ትዕዛዝ ሊሠራው ይችል የነበረውን ሥራ ቁጭ ብሎ አየ።

ኮሚቴው የተቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው። ዶክተር አቤሴሎም ሱፍ ለብሶ መጣ። ፊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅዳሜ ውጭ በሌላ ቀን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ስለ አንድ ታካሚ በስልክ በጥቅሉ ተጠይቄ ሊሆን ይችላል» አለ። «ትዕዛዝ ግን አልሰጠሁም። ምክር ነው።»

«ቲተርህስ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ረስቼው ሄጄ ይሆናል።»

«ሁለት ዓመት?»

«ሥራ ይበዛብኛል።»

አቶ ሽብሩ ደግሞ ተነስተው «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ ስለ ሕክምና የማውቀው ነገር የለም» አሉ። በጉዳዩ ሁሉ ውስጥ ከአፋቸው የወጣች ብቸኛዋ እውነት ይቺ ናት።

እኔ ተጠራሁ። ስልኩን እንደሰማሁ ተናገርኩ፤ ሴፍትሪአክሶኑን፣ ጉሉኮሱን፣ «ቅዳሜ አየዋለሁ»ን፣ የመኪናውን ጡሩምባ ሳይቀር። አቶ ሽብሩ ሥራ ወዳድነቴ የት እንደሄደ የገረማቸው መሰሉ። ሰብሳቢው ሲጽፉ ቆይተው ቀና አሉ።

«አንቺስ? መርፌውን የወጋሽው በማን ትዕዛዝ ነው?»

«በታዴዎስ።»

«ታዴዎስ ምንድን ነው?»

«ነርስ።»

«ነርስ ለነርስ መድኃኒት ያዛል?»

«አያዝም።»

«ታዲያ ለምን ወጋሽ?»

ለዚህ አዘጋጅቼ የመጣሁት ብዙ መልስ ነበር። አንዱም ሲወጣ እንደማያምር ያወቅኩት እዚያ ቆሜ ነው። «ልማድ ሆኖ» አልኩ። ሰብሳቢው እሱንም ጻፉት።

ታዴዎስ መጨረሻ ላይ ቆመ።

«ዶክተር ነኝ ብለህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አይደለሁም ብለህስ?»

«መጀመሪያ አካባቢ። ከዚያ ተውኩት።»

«ሰው በስህተት ዶክተር ነህ ብሎ አምኖ ሕይወቱን ሲሰጥህ ዝም ማለትህ መናገር ነው። ይህ ይገባሃል?»

«አሁን ገብቶኛል። ሌላም ነገር አለ» አለ። «ትርፍ አንጀት መሆኑን ጠርጥሬ ነበር። ሪፈር መጻፍ ነበረብኝ። ለዚያ የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም ነበር።»

ከኮሚቴው አባላት አንዷ፣ የሕግ ባለሙያዋ፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይህን እኮ ማንም አልጠየቀህም።»

«መምህር አክሊሉ ጠይቀውኛል።»

ውሳኔው ወጣ። የታዴዎስ የሙያ ፈቃድ ለአንድ ዓመት ታገደ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ «ሕጋዊ ያልሆነ ትዕዛዝ መፈጸም ከተጠያቂነት አያድንም» ይላል፤ አንብቤ ስጨርስ ሌላ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዶክተር አቤሴሎም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ስንተኛው የመጨረሻ እንደሆነ አልተገለጸም። ክሊኒኩ ታሸገ፣ ከዚያ ቀለም ተቀብቶ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ በአቶ ሽብሩ ሚስት ስም ተከፈተ። ወይዘሮ አሰገደች በፍርድ ቤት የመሠረቱት የካሳ ክስ ቀጠሮ እየተሰጠበት ነው። አቶ ሽብሩ በየቀጠሮው ይታመማሉ፤ ታይፎይድ ይሆናል።

እኔ ክሊኒኩን ለቅቄ መንግሥት ጤና ጣቢያ ገባሁ። ታዴዎስ ዓመቱን ሀቢቾ አባቱ ጋ እርሻ ላይ አሳለፈው። እገዳው ካበቃ በኋላ አንድ ቀን መናኸሪያው አጠገብ ካለው ካፌ ተገናኝተን ፋጢራ እየበላን ስልኩ ጮኸ። ስሙን አይቶ አሳየኝ፤ አቶ ሽብሩ ናቸው። ላውድ ላይ አደረገው።

«ታዴዎስ ልጄ! ያለፈው አለፈ። ሺንሺቾ ቅርንጫፍ ልንከፍት ነው፣ ልምድ ያለው ሰው ነው የምፈልገው።»

«ሐኪም አለ እዚያ?»

«ፈቃዱ አለ። ይሰቀላል።»

«እኔ ምን ልሠራ?»

«ያው እንደ በፊቱ፣ ሁሉንም።»

«የሥራ ድርሻዬን በጽሑፍ ስጡኝ፣ ጋሽ ሽብሩ። ነርስ የሚለው ቃል ይኑርበት።»

ከወዲያ በኩል ሰውየው ከልባቸው አዘኑ። «በእኔና በአንተ መካከል ወረቀት? እንዲህ ተራራቅን?»

«ተራራቅን» አለና ዘጋው።

አሁን ዱራሜ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነው። እዚያ ያሉ ሐኪሞች ብዙም አይወዱትም ይባላል። አንድ ታካሚ ካሳሰበው ይደውላል፤ ካልመጡ እንደገና ይደውላል፤ ካልመጡ ቢሯቸው ድረስ ሄዶ በሩ ላይ ይቆማል።

ሆሳዕና ሲመጣ መምህር አክሊሉን ሰላም ለማለት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቃቸዋል። ባለፈው እኔም አብሬው ነበርኩ። መምህር በተማሪዎቹ መሃል አልፈው ወጡ፣ ቦርሳቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፤ ቀኙን አሁንም ጎናቸው ላይ ያደርጉታል። ታዴዎስ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። «ደህና ነህ?» አሉት። «ደህና ነኝ መምህር፣ እርስዎስ?» «ደህና ነኝ» አሉ። ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ሄዱ። «ጊዜ ስጠኝ» ብለው የጠየቁትን ጊዜ ጨርሰው እንደሆነ እስካሁን አልነገሩትም።